ሃይድሮሜትሩ 31 ሲያነብ፦ የቤት ቢራ መነሻ ግራቪቲ ለምን ያንሳል?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ኮተቤ ነው የምኖረው። ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ የጠመቃ ዕቃና አዘገጃጀቱን ልኮልኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ከብቅል ተነስቼ ቢራ ጠመቅሁ። አዘገጃጀቱ 4.5 ኪሎ የገብስ ብቅል፣ 19 ሊትር ቢራ፣ መነሻ ግራቪቲ (ፈሳሹ ከመቦካቱ በፊት ስኳሩን ይዞ ከውሃ ምን ያህል እንደሚከብድ) 1.051 ይላል። ብቅሉን ወፍጮ ቤት አስከክቼ አይስ ቦክስ ውስጥ በ67 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ዘፈዘፍሁት። ቴርሞሜትሩን ወንድሜ እንዳለኝ አስቀድሜ የሚፈላ ውሃ ውስጥ ከትቼ ቀስቱን 100 ላይ አስተካክዬዋለሁ። ብቅሉን በውሃ አጥቤ፣ የወረደውን ፈሳሽ በኤሌክትሪክ ምድጃ ለአንድ ሰዓት አፍልቼ ባልዲ ውስጥ ስገለብጠው 22 ሊትር ሆነ። ለብ እንዳለ በሃይድሮሜትር ስለካው ግን 1.031 አነበበ። እርሾውን ጨምሬበታለሁ። ብቅሉ መጥፎ ሆኖ ነው? ልድፋው?»

መልስ፦ እህቴ፣ አትድፊው። ብቅሉ ላይም ገና አትፍረጂበት። ሊትሩን፣ ሙቀቱን፣ ቴርሞሜትሩን እንዴት እንዳስተካከልሽው ሳይቀር መጻፍሽ በጣም ረድቶኛል። በቢራ ፋብሪካ የጠመቃ ክፍልና ላቦራቶሪ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ «ግራቪቲው አነሰብኝ» የሚለኝ ሰው ብዙ ጊዜ ሊትሩን አይነግረኝም። ያለ ሊትር ደግሞ ግራቪቲ ብቻውን ግማሽ ወሬ ነው።

ለአጻጻፍ እንዲቀለን 1.031ን 31 ነጥብ፣ 1.051ን 51 ነጥብ ልበለው። 20 ነጥብ ጎድሎብሻል ማለት ነው። ይህ 20 ነጥብ ግን በአንድ ቀዳዳ አልወጣም። እንደ እኔ ስሌት 5ቱ ጨርሶ አልጠፋም፣ ሃይድሮሜትሩ ነው ያላየው። 7ቱ በትርፍ ውሃ ውስጥ ተበትኗል። ከብቅሉ ሳይወጣ የቀረው 8 ነጥብ ነው፤ ለእሱም የምጠረጥረው ብቅሉን ሳይሆን ያንን 100 ላይ ያስተካከልሽውን ቴርሞሜትር ነው። አንድ በአንድ ላስረዳሽ።

ከቀላሉ ልጀምር። ሃይድሮሜትር የሚነግርሽ ፈሳሹ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ነው። ፈሳሽ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ይቀላል፤ መሣሪያውም ጠልቆ ስለሚገባ ንባቡ ይወርዳል። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ውስጡ ባለው ወረቀት ላይ 60 ዲግሪ ፋራናይት የሚል ሳይኖር አይቀርም፤ ይህም 15.6 ሴልሺየስ ነው። በዚህ የተሠራ መሣሪያ 30 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ውስጥ 3 ነጥብ ያህል፣ 35 ላይ 5፣ 40 ላይ 7፣ 50 ላይ 11 ነጥብ አሳንሶ ያነባል። «ለብ እንዳለ» ያልሽውን ከሰውነት ሙቀት ትንሽ ዝቅ ያለ፣ 35 ዲግሪ አካባቢ ብዬ ወስጄዋለሁ። ስለዚህ ትክክለኛው ግራቪቲሽ 36 ነው። ሌላ ጊዜ ናሙናውን በብርጭቆ ቀድተሽ፣ ብርጭቆውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቁመሽ፣ ሲበርድ ለኪ። መሣሪያውን በጣትሽ ትንሽ አሽከርክሪው፤ የተጣበቀበት አረፋ ሽቅብ ይገፋዋልና ይልቀቀው። ለአንዴ ደግሞ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ሞክሪው፤ 1.000 ማንበብ አለበት። በጉዞ ላይ ውስጡ ያለው ወረቀት ተንሸራቶ 3 እና 4 ነጥብ የሚስት አጋጥሞኛል። የአዲስ አበባ ከፍታ ግን ሃይድሮሜትሩን አይነካውም፤ ከፍታው የሚነካው ሌላ ነገር አለ፣ እሱን እመጣበታለሁ።

ሁለተኛው የሊትሩ ጉዳይ ነው። ከብቅሉ የወጣው ስኳር አንድ ነው፤ በ19 ሊትርም ሆነ በ22 ሊትር ውስጥ ቢገባ መጠኑ አይለወጥም፣ የሚለወጠው ቅጥነቱ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ነጥቡን በሊትሩ አባዢው። ወንድሽ የሚያገኘው 51 በ19 ሲባዛ 969 ነው። ይኸው 969 በ22 ሊትር ሲካፈል 44 ነጥብ ይሆናል። አየሽ፣ ጠመቃሽ አንዳች ሳይበላሽ ወንድሽ የሚያወጣውን ስኳር በሙሉ ብታወጪ እንኳ በ22 ሊትር ከ44 በላይ ማንበብ አትችይም ነበር። 7ቱ ነጥብ እዚህ ጋ ነው ያለው።

ትርፉ 3 ሊትር ከየት መጣ? ከምድጃው ይመስለኛል። እነ ወንድሽ አሜሪካ ውስጥ ደጅ ላይ በትልቅ ጋዝ እያንተከተኩ ስለሚያፈሉት በሰዓት 4 ሊትር ያህል በእንፋሎት ይሄድላቸዋል፤ አዘገጃጀቱም ይህን አስቦ ነው ውሃውን የመተረው። የቤት ኤሌክትሪክ ምድጃ ያን ያህል ፈሳሽ ፈልቶ እንዲቆይ ያደርገዋል እንጂ አያንተከትከውም፤ አንድ ሊትር ቢያተን ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። የማማሰያሽን እጀታ ድስቱ ውስጥ ቀጥ አድርገሽ አቁሚና በአንድ ሊትር ጠርሙስ ውሃ እየቆጠርሽ ጨምሪ፤ በየሁለት ሊትሩ በቢላ ምልክት አድርጊበት። ከዚያ በኋላ ማፍላት የምታቆሚው ሰዓት አይተሽ ሳይሆን ምልክቱን አይተሽ ነው። የሚፈላ ፈሳሽ ከቀዝቃዛው ወደ 4 በመቶ ስለሚሰፋ 19 ሊትር ቀዝቃዛ ከፈለግሽ ድስቱ ላይ 19.7 ገደማ ሲደርስ አውርጂ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ትክክለኛው 36 በ22 ሲባዛ 792 ነው። ጥሩ ብቅል ሁሉም ነገሩ ቢወጣ በኪሎ 300 ነጥብ ያህል በአንድ ሊትር ይሰጣል፤ 4.5 ኪሎው 1350 መሆኑ ነው። ወንድሽ ከዚህ 72 በመቶውን ያወጣል፣ አንቺ 59 በመቶውን አወጣሽ። ለመጀመሪያ ጊዜ 59 የሚያስለቅስ አይደለም፤ ይሁን እንጂ 13 በመቶው የት እንደቀረ ጽሑፍሽ ይናገራል።

ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ወለል ደረጃ ነው። ወንድሽ ያለበት አካባቢ ለባሕር ቅርብ ስለሆነ ምክሩ ለእሱ ልክ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ግን በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ድሬዳዋ 96 አካባቢ፣ ሐዋሳና ባሕር ዳር 94 አካባቢ ይፈላል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ላይ ደግሞ ውሃችን የሚፈላው በ92 ዲግሪ ነው፤ እንጦጦ ጫፍ ብትወጪ 90 ይጠጋል። አንቺ 92 ዲግሪ የሆነውን ውሃ ለቴርሞሜትሩ «ይህ 100 ነው» ብለሽ አስተማርሽው። የቀስቱ ብሎን ሲዞር መላው ንባብ ነው አብሮ የሚሸሸው። ስለዚህ 67 ብሎ ሲያሳይሽ ብቅሉ የተዘፈዘፈው በ59 ዲግሪ ነበር።

59 እና 67 ለምን ይህን ያህል ይለያያሉ? ጠላ ሲጠመቅ አይተሽ ከሆነ መልሱ እዚያ አለ። ለጠላ እንኩሮው መጀመሪያ ምጣድ ላይ ይበስላል። ሲበስል የእህሉ ስታርች አብጦ ይፈታል፣ እንደ ገንፎ ይሆናል። ከዚያ ብቅሉ ሲጨመር ኢንዛይሙ የተፈታውን ስታርች ጋኑ ውስጥ በቀዝቃዛውም ቢሆን ቀስ እያለ፣ በቀናት ውስጥ ወደ ስኳር ይለውጠዋል። ቢራ ላይ ግን ምጣድ የለም። ማብሰሉም መለወጡም በዚያ በአንድ ሰዓት ዝፍዝፍ ውስጥ አብሮ መሆን አለበት። የገብስ ስታርች የሚፈታው ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ባለው መካከል ነው። በ59 ዲግሪ ኢንዛይሙ ንቁ ነው፣ ሥራውንም ይፈልጋል፤ ስታርቹ ግን ገና እንደ ጥሬ ነው፣ በሩ አልተከፈተለትም። ከፊሉ ይለወጣል፣ ከፊሉ ሳይነካ ከአተላው ጋር ይጣላል። እናቶቻችን ያለ ቴርሞሜትር እንኩሮውን አብስለው የፈቱት ችግር መሆኑን ባሰብሁ ቁጥር ለሙያቸው ያለኝ አክብሮት ይጨምራል።

ግምቴን ራስሽ ፈትሺው። አንድ ብርጭቆ የተፈጨ በረዶ ሙሉ፣ ክፍተቱን የሚሞላ ትንሽ ውሃ ጨምሪበት፣ አማስይው፣ ሦስት ደቂቃ አቆይው። የቴርሞሜትሩን እግር በበረዶው መካከል አድርገሽ እያማሰልሽ አንብቢ፤ ጫፉ የብርጭቆውን ታች አይንካ። የበረዶ ውሃ ኮተቤም ቨርጂኒያም 0 ዲግሪ ነው። 8 አካባቢ ካነበበ ምክንያቱን አገኘነው፤ ብሎኑን አዙረሽ 0 ላይ አምጪው። ከዚያ ሁለተኛ ምስክር ጥሪ፦ 39 ወይም 40 ዲግሪ የሚሆን ለብ ያለ ውሃ አዘጋጂና ከትኩሳት መለኪያ ጋር ጎን ለጎን አስተያዪው። እነዚህ ባለ ቀስት ቴርሞሜትሮች አንዳንዴ 0 ላይ ልክ ሆነው ላይኛው ላይ ይዋሻሉ። በመጨረሻም የሚፈላ ውሃ ውስጥ ስትከችው 92 ቢል ደስ ይበልሽ።

ስታርቹ መለወጡን የሚነግርሽ ሰዓት ሳይሆን አዮዲን ነው። ከፋርማሲ ለቁስል የሚሸጠው ይበቃል። ሰዓቱ ሲሞላ ከዝፍዝፉ ውስጥ ገለባ የሌለበት አንድ ማንኪያ ፈሳሽ ነጭ ሳሕን ላይ አፍስሺ፣ ይብረድ፣ አንድ ጠብታ አዮዲን ጣይበት። የአዮዲኑ ቡናማ ቀለም እንዳለ ከቆየ ተለውጧል። ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከዞረ ስታርች አለ፤ ሙቀቱን አይተሽ ሌላ 20 ደቂቃ ስጪው። ገለባ ከገባበት ሁልጊዜ ስለሚጠቁር አትደንግጪ። ሳሕኑ ላይ ያለውንም ወደ ድስቱ አትመልሺው፣ ድፊው።

ወፍጮውንም ከደሙ ንጹሕ ነው አልልም። የወፍጮ ቤት ሰዎች ዱቄት መፍጨት ነው የለመዱት፤ «ክክ» ስትያቸው ለሽሮ እንደሚከኩት አተር ግማሽ ግማሽ ያደርጉታል፣ ወይም ደግሞ እጃቸው አልታዘዝ ብሎ ያደቁታል። የተከካውን በመዳፍሽ ዘርግተሽ እይው። ፍሬው ሦስት አራት ቦታ ተሰብሮ ነጩ ውስጡ መታየት አለበት፤ ገለባው ግን እንደ ልብስ ወልቆ ሙሉውን መቅረት አለበት፣ በኋላ ማጥለያ የሚሆነው እሱ ነውና። ድፍን ፍሬ ካየሽ ያ ፍሬ ውሃ ጠጥቶ ከመውጣት በቀር ምንም አይሰጥሽም። ከመቶ ፍሬ ሁለት ሦስት ድፍን ቢያመልጥ ምንም አይደለም፣ ዐሥር ከሆነ ግን ይመለስ። ብዙ ዱቄት ከሆነ ደግሞ ዝፍዝፉ እንደ ሊጥ ተላቁጦ ፈሳሹ አልወርድ ይላል። ቆመሽ እያየሽ አስከኪ፣ መጀመሪያ አንድ እፍኝ አስሞክሪ። በርበሬ የተፈጨበት ወፍጮ ላይ እንዳያስገቡብሽም ጠይቂ፤ ግራቪቲውን አይነካውም፣ ቢራውን ግን ያበላሸዋል።

ብቅሉን ከየት እንደገዛሽው አልጻፍሽም። ለቢራ ፋብሪካ የሚዘጋጅ ከሆነ ይህን ያህል የሚያሳጣ ምክንያት አይታየኝም። ገበያ ላይ ለጠላ የሚሸጠው በፀሐይ የደረቀ ብቅል ከሆነ ኢንዛይሙ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ሥሩ ያልተበጠረለት፣ አቧራና ድፍን ገብስ የተቀላቀለበት ሊሆን ስለሚችል ከአንድ ኪሎ የምታገኚው ያንሳል። ጥቂት ፍሬ አፍሽ ውስጥ ጨምረሽ አኝኪ። ደኅና ብቅል እንደ ቆሎ ኮሽ ብሎ ይሰበራል፣ ጣፈጥ ይላል። እርጥበት የገባበት ጥርስ ላይ ይሳባል። እንደ ጠጠር የጠነከረ ጫፍ ካለው ደግሞ በቅሎ ያልጨረሰ ነው።

ውሃው በዚህ ጉዳይ ላይ ትንሽ ተጠርጣሪ ነው። የዝፍዝፉ ፒኤች (የአሲድነቱ ልክ) ከ5.2 እስከ 5.6 ሲሆን ኢንዛይሙ ይመቸዋል። ከጉድጓድ የሚመጣ ውሃ ከገፈርሳና ከለገዳዲ ግድብ ከሚመጣው ይልቅ ፒኤቹን ወደ ላይ የመሳብ ዕድሉ ሰፊ ነው። የፒኤች ወረቀት ካገኘሽ ለኪው፤ ካላገኘሽ ቴርሞሜትሩና ክኩ እስኪስተካከሉ ተይው።

ለሚቀጥለው ጠመቃ እንዲህ አድርጊ። ለ4.5 ኪሎ ብቅል 13.5 ሊትር ውሃ ያዢ። አይስ ቦክሱን በፈላ ውሃ አሙቀሽ ድፊው፣ አለበለዚያ ራሱ ሦስት አራት ዲግሪ ይሰርቅሻል። ብቅሉ የክፍሉ ሙቀት 20 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ውሃውን 72 ላይ ስታደርጊ ሲቀላቀሉ 66 ላይ ያርፋል። ብቅሉን ወደ ውሃው ቀስ በቀስ እየነሰነስሽ አማስይ፤ ውስጡ ደረቅ ዱቄት የያዘ ጓል ከቀረ እዚያ ውስጥ ያለው ስኳር አይሆንም። ከአምስት ደቂቃ በኋላ መካከሉንም ጥጉንም ለኪ። ዝቅ ብሎ ካገኘሽው የፈላ ውሃ ጨምሪ፣ ግን እዚህም ከፍታችንን አትርሺ። ይህን ዝፍዝፍ ከ59 ወደ 66 ለማውጣት 100 ዲግሪ የሆነ ውሃ ቢሆን 3 ሊትር ገደማ ይበቃ ነበር፤ የእኛ ውሃ 92 ስለሆነ 4 ሊትር ይፈልጋል። ከባሕር ዳርቻ ሰዎች ሠንጠረዥ ላይ ያነበብሽው መጠን ሁልጊዜ ያጥርሻል የምልሽ ለዚህ ነው።

ሲታጠብም አትቸኩይ። የተከካ ብቅል በኪሎ አንድ ሊትር ያህል ፈሳሽ ጠጥቶ ያስቀራል፤ ያ የጠጣው ፈሳሽ ጣፋጭ ነው። የማጠቢያውን ውሃ በአንዴ ከመድፋት ለሁለት ከፍለሽ፣ እያማሰልሽ፣ አሥር ደቂቃ እያሳረፍሽ ቀስ ብለሽ አውርጂው። ቧንቧውን ሙሉ ከፍተሽ ካወረድሽው ውሃው በአንድ በኩል መንገድ አበጅቶ ይሮጣል፣ የቀረው ብቅል ሳይታጠብ ይቀራል። ከ77 ዲግሪ በላይ በሆነ ውሃ አትጠቢ፣ ከገለባው የሚያፍን ጣዕም ይወጣል። የሚወርደው ፈሳሽ 1.010 ሲደርስ አቁሚ። ድስቱ ሲሞላ፣ ከማፍላትሽ በፊት፣ ናሙና አብርደሽ ለኪና በሊትሩ አባዢው። ያ ብዜት ሲፈላ ውሃው ቢተንም አይለወጥም፤ ስለዚህ የመጨረሻውን ግራቪቲ ገና ሳይፈላ ታውቂዋለሽ፣ ካነሰም ለማስተካከል ጊዜ አለሽ።

ከጥያቄሽ ውጭ ቢሆንም አንድ ነገር ልጨምር። በ92 ዲግሪ የሚፈላ ዎርት (ገና ያልቦካው የብቅል ፈሳሽ) ከሆፕ፣ ማለትም ለቢራ እንደ ጌሾ ከሚገባው አበባ፣ ላይ መራራነቱን የሚያወጣው ቀስ ብሎ ነው። የወንድሽን የሆፕ ልክ ይዘሽ ቢራው ለስለስ ቢልብሽ ሆፑ አርጅቶ ነው ብለሽ አትደምድሚ፤ መጀመሪያ ላይ የሚገባውን ትንሽ ጨምሪ።

አሁን ባልዲው ውስጥ ስላለው። ከ36 ነጥብ ተነስቶ፣ በዝቅተኛ ሙቀት የተዘፈዘፈ ብቅል ስኳሩ ለእርሾ የሚመች ስለሆነ ወደ 7 ነጥብ ሊወርድ ይችላል። ያ ከሆነ አልኮሉ 3.8 በመቶ አካባቢ ይሆናል። ቀለል ያለ፣ ደረቅ ያለ፣ ከሰዓት በኋላ የሚጠጣ ቢራ ነው፤ እኔ ብሆን እንዳለ እተወዋለሁ። የግድ ማጠንከር ካለብሽ ግማሽ ኪሎ ስኳር በጥቂት ውሃ አፍልተሽ፣ አብርደሽ፣ እርሾው ገና በሚሠራባቸው ሁለት ሦስት ቀናት ውስጥ ጨምሪበት፤ በ22 ሊትር ላይ ወደ 9 ነጥብ ያህል ያመጣልሻል። በግማሽ ኪሎ ማር ብትተኪው 6 ወይም 7 ነጥብ ነው፣ ሽታው ግን ያምራል። ከዚህ በላይ አትሂጂ፤ የስኳር ብዛት ቢራውን ያጠነክረዋል እንጂ አካል አይሰጠውም። መልሰሽ ለማፍላት ግን ፈጽሞ አታስቢ፣ እርሾውን ትገድይዋለሽ።

ዛሬውኑ የበረዶውን ሙከራ አድርጊና ያነበበውን ቁጥር ጻፊልኝ። 0 ካለ ግምቴ ስቷል ማለት ነው፤ ያኔ ከተረፈሽ ክክ እፍኝ ያህል ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግተሽ ፎቶውን ላኪልኝና ከወፍጮው እንጀምራለን።